ባለ ሁለት ዘውዱ ሳንቲም

እናቴን የዳራት ሳንቲም ነው። ይህን የምለው እኔ አይደለሁም፤ አባቴ ነው፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ እንግዳው ገና ወንበሩ ላይ ሳይደላደል። ከሳሎናችን ሰዓት በታች ባለ መስታወት የእንጨት ፍሬም ተሰቅላለች። ውስጧ ቀይ ጨርቅ አለ፤ ጨርቁ ላይ በማስቲሽ የተለጠፈ አንድ ሳንቲም። ሰው የሠርጉን ፎቶ ይሰቅላል። እኛ ቤት ፎቶው ቁም ሳጥን ላይ ከሻንጣዎቹ ጋር አቧራ ይጠጣል፣ ሳንቲሙ ግን ግድግዳው ላይ ተኮፍሶ ይኖራል።

ታሪኩን ሳልፈልግ በቃሌ አጥንቼዋለሁ። እናቴ ወጣት ሳለች በአንድ ትልቅ የአውቶቡስ ጋራዥ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበረች። ቀኑን ሙሉ ከአንዲት ጠባብ መስኮት ኋላ ቆማ መሣሪያ ታወጣለች፣ መሣሪያ ትረከባለች። አባቴና የልብ ጓደኛው ደግሞ እዚያው ጋራዥ ጎን ለጎን ቆመው በቶርኖ ብረት ይልጣሉ። አንድ ሰሞን ሁለቱም መሰርሰሪያ ማብዛት ጀመሩ። ጠዋት የወሰዱትን ከሰዓት ይመልሳሉ፤ ያልደነዘዘውን ደነዘዘ፣ ያልጠፋውን ጠፋ ይላሉ። እናቴ እንደምትለው እነሱ በወሰዱት መሰርሰሪያ ልክ ቢበሱ ኖሮ ጋራዡ ውስጥ የሚነዳ አውቶቡስ አይተርፍም ነበር።

ሁለቱም ወደዷት፤ ሁለቱም አልነገሯትም። ጓደኝነታቸው እንዳይበላሽ ፈሩና ከአውቶቡስ ማጠቢያው ጀርባ ሄደው በሳንቲም ሊለዩ ተስማሙ። ዘውድ ወይስ ጎፈር። የሰው ፊት ያለበትን ገጽ ዘውድ፣ ቁጥር ያለበትን ጎፈር እንላለን፤ ሳንቲሙ ላይ ዘውድም ጎፈርም ባይኖር ማንም ግድ አይሰጠውም። ያሸነፈው ሊያገባት፣ የተሸነፈው ሚዜ ሊሆን ተማማሉ። እሷ በዚያ ሰዓት መስኮቷ ላይ ቆማ ብሎን እየለየች ነበር።

«ጓደኛዬ ሳንቲሙን ከኪሱ አወጣ» ይላል አባቴ፣ እዚህ ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ እየተነሳ። «እኔ ነኝ የምጠራው ብሎ አፉን ሲከፍት፣ 'ዘውድ!' ብዬ ጮህኩ! ሳንቲሙ ወደ ላይ ወጣ፣ ተሽከረከረ፣ እጁ ጀርባ ላይ አረፈ። ዘውድ!» እንግዶች ያጨበጭባሉ። ከዚያ የታሪኩ ጨው የሆነው ክፍል ይመጣል። አባቴ ሳንቲሙን ለማስታወሻ ብሎ ከጓደኛው እጅ ላፍ ያደርገዋል። ጓደኛው ሴቲቱን ማጣቱን ትቶ «ሳንቲሜን! ሳንቲሜን መልስልኝ!» እያለ በጋራዡ ግቢ ያሳድደዋል። በአንዱ ፋንታ ሁለት ሳንቲም ቢሰጠው አሻፈረኝ አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ የሰውዬው ስም ጋሼ ሳንቲሜ ሆኖ ቀረ። እኛ ልጆች ስናድግ ሌላ ስም እንዳላቸው እንኳ አናውቅም ነበር።

ጋሼ ሳንቲሜ ሚዜም ሆኑ፣ ጎረቤትም ሆኑ። ሚስት አገቡ፣ ሞተችባቸው፣ ልጅ አልወለዱም። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ መጥተው ከአባቴ ጋር ዳማ ይጫወታሉ። የሚቀመጡትም ሁልጊዜ ፍሬሟ ፊት ለፊት ነው። ደጋግመውም «ይህችን ነገር ሽጥልኝ» ይሉታል አባቴን። እኛ ደግሞ ጀርባቸውን ሲያዞሩ በሳቅ እንፈርሳለን፤ አንድ ሳንቲም ዕድሜ ልክ የሚያንገበግበው ሰው!

ስለዚያ ጋራዥ አንድ ነገር ልጨምር፣ ኋላ ስለሚያስፈልግ። እያንዳንዱ የቶርኖ ሠራተኛ የራሱ ቁጥር ነበረው። የሠራው ዕቃ ላይ ሁሉ በብረት ማኅተምና በመዶሻ ቁጥሩን ይመታል፤ ዕቃው ቢሰበር የማን ጥፋት እንደሆነ ይታወቅ ዘንድ። ልማዱ ደም ውስጥ ይገባል። አባቴ 14 ቁጥር ነው። ቤታችን ውስጥ የበሩ እጀታ 14 ነው፣ የድስቱ ክዳን 14 ነው፣ የእኔ የትምህርት ቤት ቦርሳ ማያያዣም 14 ነበር። እኛ ልጆቹ ሳንመታ የቀረነው እናታችን መዶሻውን ደብቃው ነው። ጋሼ ሳንቲሜ 9 ቁጥር ናቸው። የዳማውን ጠጠሮች ራሳቸው ከነሐስ ሠርተው ነው ያመጧቸው፤ እያንዳንዷ ጠጠር ሆዷ ላይ 9 አለባት።

እናቴ የሳንቲሙን ታሪክ ስትሰማ ትስቃለች፤ እንግዳ ፊት። ቤት ስትጠርግ ግን ሌላ ነች። ሌላውን ጌጥ እያነሳች ትወለውላለች፤ ፍሬሟን በመጥረጊያው እንጨት ገጨት አድርጋ ታልፋለች። አንድ ጊዜ ምን አድርጋሽ ነው ብዬ ጠየቅኋት።

«ሁለት ወንድ ፈልጎሽ ነበር ይሉኛል» አለች። «ምኑን ፈለጉኝ? አንዱ ሲሸነፍ ትንፍሽ ሳይል ሚዜ ሆነ። አንዱ ሲያሸንፍ እንደ ዕጣ ዕቃ ተረከበኝ። እኔ እንኳ ከግምጃ ቤት አንድ ብሎን ሳወጣ ፊርማ እቀበላለሁ።»

አባቴን ትወደዋለች፤ ይህን አልክድም። ግን በልጅነቷ አንድ ሰው ለእሷ ብሎ አንድ ድንበር ቢጥስ፣ አንድ ሞኝ ነገር ቢያደርግ ስትል ኖራለች። ያገኘችው ደንብ አክባሪ ወንዶችን ነው፤ ይህ ያማታል።

መጥረጊያው ከስንት ዓመት ግጭት በኋላ ባለፈው ክረምት ድል አደረገ። ፍሬሟ ወድቃ መስታወቷ ተከሰከሰ፤ ማስቲሹ አርጅቶ ስለነበር ሳንቲሙ ተላቆ እየተንከባለለ ዳማው ጠረጴዛ ሥር ገባ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ጨዋታ ላይ ነበሩ። እኔ ጎንበስ ብዬ አነሳሁትና አገላበጥኩት። የሰው ፊት ነው። ደግሜ አገላበጥኩት። አሁንም የሰው ፊት ነው።

«አባዬ፣ ጎፈሩ የታለ?» አልኩ።

ሳንቲሙ ሁለት ዘውድ ነው ያለው፤ አባቴ ያኔ ሳያገላብጥ ስለለጠፈውና ከአርባ ዓመት በላይ አንዱ ገጹ ከቀዩ ጨርቅ ጋር ተጣብቆ ስለኖረ ያየው የለም። አባቴ ተቀብሎ አየና ፊቱ አመድ መሰለ። «እኔ ዘውድ አልኩ፣ ዘውድ ሆነ። ምን አጠፋሁ?» አለ፣ ማንም ምንም ሳይለው።

«የፋብሪካ ስህተት ነው!» አሉ ጋሼ ሳንቲሜ ከመቀመጫቸው እየተነሱ። «ይሄማ ግልጥ ነው! ሲመታ የተሳሳተ ነው! ጥርጥር የለውም!»

በኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት የሚሠራው ታላቅ ወንድሜ ወሬውን ሲሰማ እየበረረ መጣ። ስልኩን ከፍቶ ሲጎረጉር ቆየና፣ ሲመቱ የተበላሹ ሳንቲሞችን ሰው እንደ ወርቅ ይሻማባቸዋል ብሎ ዓይኑ ፈጠጠ። በአንደኛው ፊት ሥር የተጻፈው ዓመተ ምሕረት በሌላኛው ፊት ሥር ካለው ጋር አይገጥምም። ወንድሜ ይህን ሲያይ «ሁለት ዓመት በአንድ ሳንቲም! ይሄማ እጥፍ ስህተት ነው!» ብሎ የእጅ ጓንት ሊገዛ ወጣ። ጋሼ ሳንቲሜ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ከወንድሜ ጋር ተስማሙ።

እናቴ ብቻ አልተደነቀችም፣ አልጮኸችም። ሳንቲሙን ከጠረጴዛው ላይ አነሳች፤ የተመለሰ መሰርሰሪያ እንደምትፈትሽ አዟዙራ አየችው።

«ይህን ማን ሠራው?» አለች።

ከዚያ ቀን ጀምራ አባቴን ማናገር አቆመች። «ለአባትሽ ሻዩ ቀርቧል በዪው» ትለኛለች፣ እሱ ፊቷ ተቀምጦ። እኔም «ሻዩ ቀርቧል» እለዋለሁ። እሱም «እግዜር ይስጥልኝ በያት» ይለኛል። በራሴ ቤት አስተርጓሚ ሆኜ ደሜ ፈላ። አንድ ቀን ወጥ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋ አድርጌ አፋጠጥኳት።

«እሺ እማዬ፣ አጭበርብሮ አግብቶሽ ቢሆንስ? ከስንት ዘመን በኋላ ምን ልታደርጊው ነው? ልትፈቺው ነው?»

ሰሃን ማጠቧን አቆመች። «አጭበርብሮ ቢሆን?» አለች፣ ፊቷም ሳላስበው በራ። «አጭበርብሮ ቢሆንማ ምን ነበረበት! አስቢው እስቲ፣ ያ ጭምት አባትሽ፣ የእኔን ነገር ለዕድል መተው ከብዶት፣ ተደብቆ ሳንቲም ሲያስፈለፍል! ያን ቢያደርግ ኖሮ አንገቱን አቅፌ እስመው ነበር።» ከዚያ ፊቷ መልሶ ጨለመ። «የፋብሪካ ስህተት ከሆነ ግን ጉድ ነው። ድሮም በዕጣ ተዳርኩ ብዬ ነው የምቃጠለው። ዕጣውም የተበላሸ ነበር ሊሉኝ ነው?»

በሩን ስከፍት አባቴ ባዶ ብርጭቆውን ይዞ ደፉ ላይ ቆሟል። ሁሉንም ሰምቷል።

ራት ላይ ጉሮሮውን ጠራረገ። «እኔ ነኝ የሠራሁት» አለ። «ሳንቲሙን። እኔ ነኝ።»

አባቴ ውሸት አያውቅም። ሲዋሽ ጆሮው ይቀላል፤ ያን ዕለት ጆሮው እንደ በርበሬ ነበር። እናቴ ግን ጆሮውን የምታይበት ዓይን አልነበራትም። «አንተ!» አለችው፤ «አንተ ሌባ!» አለችውና ትከሻውን በማንኪያ መታችው። እንደዚያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም።

ከዚያ በኋላ የቤቱ ነገር ሌላ ሆነ። እናቴ ፀጉሯን ተሠራች። ወጥ ስትሠራ ታንጎራጉራለች። በአባቴ አጠገብ ስታልፍ ትከሻውን ነካ ታደርገዋለች፤ እሱም ይደነግጣል። እሱ ደግሞ የድሮውን ታሪክ ጥሎ አዲሱን ማውራት ጀመረ፤ በየእንግዳው ታሪኩ እያደገ ሄደ። መጀመሪያ «በቶርኖ ሠራሁት» ብቻ ነበር። ቀጥሎ የፈረቃው ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ ተደብቆ ቀረ። ቀጥሎ ተቆጣጣሪው መጥቶ ሳንቲሙን ምላሱ ሥር ደበቀ። በመጨረሻም አውራ ጣቱ ተቆርጦ ደሙ ሳንቲሙ ላይ ፈሰሰ። እናቴ አውራ ጣቱን አንስታ ታሳያለች፤ እንግዳው ጠባሳውን ፈልጎ ሲያጣ «ድኗል» ትላለች።

ይህ ሁሉ ሲወራ ጋሼ ሳንቲሜ ዳማው ፊት ተቀምጠዋል። ሰውዬው ከቀን ወደ ቀን እየከሱ ሄዱ። አንድ ከሰዓት አባቴ የሳንቲሙን ሆድ በወፍራም መቁረጫ እንዴት እንደቦረቦረ ለጎረቤት ሲያስረዳ ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«በዚያ መቁረጫማ አይሆንም! ጠርዙን ይበላዋል! በቀጭኑ ነው፣ በቀስታ፣ ዘይት እየጨመሩ!»

ሁላችንም ዞረን አየናቸው።

«ሰው ሲያወራ ሰምቼ ነው» አሉና ተቀመጡ። እጃቸው ላይ የነበረችው ጠጠር ወደቀች፤ ሆዷ ላይ 9 ይታያል። ያኔ ነገሩ ገባኝ። አባቴም የጠረጠረ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ለመጀመሪያ ጊዜ ታሪኩን መሐል ላይ አቋረጠው። እናቴ ብቻ ሻይ እየቀዳች ነበር፣ እንደ ሙሽራ ደምቃ። ደስታዋ በአንዲት ቁራጭ ብረት ላይ ቆሟል። ያቺ ብረት የምትናገረው ነገር ካለ የምትጎዳው እናቴ ናት።

ወንድሜ ተስፋ አልቆረጠም። አባዬ ሸምግሎ የሚያወራውን አያውቅም ብሎ የድሮ ሳንቲምና ቴምብር የሚሸጥ አዋቂ አገኘ። ይቅር ብዬ ለመንኩ። እናቴ ግን ከሁሉም በላይ መሄድ የፈለገችው እሷ ሆነች። የክት ቀሚሷን ለበሰች። አዋቂው የባሏን ሙያ ሲያደንቅ በጆሮዋ መስማት ፈልጋለች።

ሱቁ የአንድ ፎቅ ደረጃ ሥር የተሰነቀረ ነው፤ ጎንበስ ብለው ነው የሚገቡት። ሰውዬው ዓይኑ ላይ የሚጣበቅ ማጉያ መነጽር አለው፤ አጠገቡ ደግሞ በሳንቲም የተሞላ ትልቅ የማር ብልቃጥ ተቀምጧል። ብልቃጡ ላይ «ሰው ሠራሽ» ተብሎ ተጽፏል።

«ይሄ ሁሉ ሰው የፋብሪካ ስህተት ነው ብሎ ያመጣልኝ ነው» አለ፣ በሰለቸ ድምፅ። «ይሄ ባቡር የሄደበት ነው። ይሄ ምድጃ ላይ የተጠበሰ ነው። ይሄን ደግሞ ከሌላ ሳንቲም ጋር ሞርሳ ውስጥ አስረው የጨመቁት ነው፤ ለዚህ ነው ጽሑፉ በመስታወት እንደሚታይ የተገለበጠው። ፋብሪካ አይሳሳትም አልልም። ግን ሲሳሳት በማሽኑ መንገድ ነው የሚሳሳተው። ማሽኑ ሊሠራው የማይችለውን ሰው ነው የሠራው። እናንተም የእኛ ከፋብሪካ ነው ልትሉኝ ነው?»

«የለም» አለች እናቴ ኮራ ብላ። «የእኛ የተሠራ ነው። ባለቤቴ ነው የሠራው። ምን ያህል እንደተለፋበት እንድትነግረን ነው የመጣነው።»

ሰውዬው ማጉያውን ከዓይኑ አነሳ። «እማማ፣ እዚህ የሚመጣ ሰው ሁሉ አልተነካም ብሎ ይምላል። ተነክቷል ብሎ የሚኮራ ገና ዛሬ አየሁ።»

ሳንቲሙን ተቀበለና መጀመሪያ የጠረጴዛው መስታወት ላይ ጣለው። ድም አለ እንጂ አልጮኸም። የራሱን ሳንቲም ጣለ፤ ያኛው ጥርት ብሎ ጮኸ። «ውስጡ አንድ ወጥ አይደለም» አለ። ሁለቱን ዓመተ ምሕረት አሳየን። «ፋብሪካው አንድ ሳንቲም ላይ ሁለት ዓመት አይመታም። ደግሞ የዘውዱ ማተሚያ ላይኛው፣ የጎፈሩ ታችኛው ነው፤ አቀማመጣቸው ይለያያል፣ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም።» ወንድሜ ጓንቱን ከእጁ አወለቀ። ሰውዬው የእናቴን ጥፍር ይዞ በሳንቲሙ ጠርዝ ውስጠኛ በኩል አስኬደው። «ተሰማዎት? ፀጉር የምታህል መስመር። አንዱን ሳንቲም ሆዱን ቦርቡረው ጎድጓዳ አድርገውታል፤ የሌላውን ፊት አቅጥነው እንደ ክዳን ገጥመውበታል። እማማ፣ እውነቴን ነው የምልዎት፣ እንዲህ ያለ ግጥምጥሞሽ አይቼ አላውቅም። ይህን የሠራ ሰው እጁ ይባረክ።»

እናቴ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ይከፈታል?» አለች።

«እማዬ፣ ይበቃል፣ እንሂድ» አልኩ። ክንዷን ያዝኩ። ክንዷን ነጠቀችኝ።

ሰውዬው ሳንቲሙን አምፖል ላይ አሙቆ፣ እንጨት ላይ ደፍቶ በትንሽ መዶሻ ነካ ነካ አደረገው። ክዳኑ ፈነጠረ። ጎድጓዳውን ወደ ብርሃኑ አዞረና «ውይ» አለ። «ምን ዓይነት ሰው ነው ባለቤትዎ? ለማታለል ሠርቶ ፊርማውን ያኖራል እንዴ? ቁጥር ተመትቶበታል። ዘጠኝ።»

«ስድስት ሊሆን ይችላል፣ ተገልብጦ» አለ ወንድሜ፣ ምን እንደሚያድን ሳያውቅ።

እናቴ ማጉያውን ተቀብላ አየች። ብዙ አየች። «ከሥሩ ሰረዝ አለው» አለች ቀስ ብላ። «ስድስትና ዘጠኝ እየተምታቱ ሲያስቸግሩኝ ሰረዙን ያስጨመርኩት እኔ ነኝ። ዘጠኝ ነው።»

አውቶቡስ ውስጥ ሁለቱን ቁራጮች በመሐረብ ቋጥራ ጭኗ ላይ ይዛለች። እኔ ስለ አባቴ እየፈራሁ ነው፤ ቤት ስንደርስ የሚሆነው እየታየኝ። መንገድ አጋምሰን ድንገት «ሳንቲሜን! ሳንቲሜን መልስልኝ!» አለች ጮክ ብላ። ሰው ሁሉ ዞረ፤ ገንዘብ የተሰረቀች መስሏቸው ቦርሳቸውን ያዙ። «ለካ ቆጥቋጣ አልነበረም!» ብላ መሳቅ ጀመረች። ሳቋ መሐል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረ፤ እስክንወርድም አልቆመም።

ስንገባ ሁለቱ ዳማ ላይ ናቸው። እናቴ ቀሚሷን ሳትቀይር ሄዳ ሁለቱን ቁራጮች ገበታው መሐል አስቀመጠች። ከዚያ ከግምጃ ቤቱ መስኮት ትጠራበት በነበረ ድምፅ «ዘጠኝ ቁጥር!» አለች።

«አቤት!» ብለው ጋሼ ሳንቲሜ ቀጥ ብለው ቆሙ። ጉልበታቸው እንዲያ እንደሚታዘዝ አላውቅም ነበር።

የሚካድ ነገር አልነበረም። «ቀደመኝ» አሉ። «ስንት ጊዜ አምሽቼ ነው የሠራሁት። ዘውድ ልል አፌን ከፈትኩ፣ ይሄ ሰውዬ ቀደመኝ። ምን ልበል? 'ቆይ፣ ሳንቲሙ የኔ ማጭበርበሪያ ነው' ልበል? ሳንቲሙን እንኳ ልንጠቀው ብል ሮጠ። ከዚያ ወስዶ ግድግዳ ላይ ሰቀለብኝ። በየቀኑ እያየሁት ዳማ ተጫወትኩ።»

አባቴ ወደ ጓደኛው ዞረ። «እውነትም አጭበርብረኸኝ ነበር?»

«ተሸነፍኩ እኮ!»

«ቢሆንም! ጓደኛዬ ነህ ብዬ!»

«አንተስ ሥራዬን ሰርቀህ በወፍራም መቁረጫ አትልም ነበር?»

እናቴ ገበታውን በመዳፏ መታችው፤ ጠጠሮቹ ዘለሉ። ወደ አባቴ ዞረች። «አንተን ማነው የሌላ ሰው ጥፋት ተሸከም ያለህ?»

አባቴ ጠጠሮቹን መልቀም ጀመረ፣ ዓይኗን ላለማየት። «ደስ አለሽ» አለ። «እንደዚያ ደስ ብሎሽ አይቼሽ አላውቅም። እውነቱ ደግሞ የሚያምር ነገር የለውም። እውነቱ እኔ ቸኩዬ መጮኼ ነው፣ በቃ።»

እናቴ ከአንዱ ወደ ሌላው አየች። አንዱ ለእሷ ብሎ አጭበርብሮ የተሸነፈ፣ ሌላው ለእሷ ብሎ የዋሸ፤ ሁለቱም ፀጉራቸው የሸሸ፣ ሁለቱም እንደ ተማሪ ያቀረቀሩ። እኔ ትፈነዳለች ብዬ ስጠብቅ ድምፅዋ ዝቅ አለ።

«በየቀኑ መስኮቴ ላይ ትመጡ ነበር። መስኮቱ ክፍት ነበር። አንዳችሁ እንኳ ለምን አልጠየቃችሁኝም?»

«ፈራሁ» አሉ ጋሼ ሳንቲሜ። ከዚያ ድፍረት አገኙና «ብንጠይቅሽ ኖሮ… ማንን ትዪ ነበር?» አሉ።

«ያልተጠየቅሁትን አልመልስም» አለችና ወጥ ቤት ገብታ ቧንቧውን ከፈተች።

አባቴ የለቀመውን ጠጠር ሁሉ መልሶ ገበታው ላይ በተነው። ተነሳ። የሹራቡን ቁልፎች ከላይ እስከ ታች ቆለፈ። ወጥ ቤቱ ደፍ ላይ ሄዶ ቆመ፣ ዛሬ ግን ብርጭቆ ሳይይዝ።

«ታገቢኛለሽ?» አላት።

«አሁንም ቀደመኝ!» ብለው ጋሼ ሳንቲሜ ከሳሎን ጮሁ፤ ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወንበራቸው ላይ ዘፍ አሉ።

ቧንቧው ተዘጋ። እናቴ እጇን በፎጣ እየጠረገች አባቴን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጠየቀች ሴት እንዴት እንደምትቆም ያን ዕለት አየሁ፤ አንገቷ ረዘመ።

«አስብበታለሁ» አለች።

ይኸው እስከ ዛሬ እያሰበች ነው። አባቴ በየጠዋቱ ጢሙን ይላጫል፣ ጫማውን ይቦርሻል፤ ቀና ብላ ካየችው የጀመረውን ወሬ ይረሳዋል። እሷ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ታንጎራጉራለች፣ የሚያስቸኩላትም የለም። ጋሼ ሳንቲሜ ከሰዓት በኋላ ሲመጡ በር ላይ ያስቆሙኝና በሹክሹክታ «መለሰችለት?» ይሉኛል።

«ገና ናት ጋሼ» እላቸዋለሁ።

ሰሞኑን ማሰር የጀመሩትን ከረባት ያስተካክሉና ይገባሉ።